ሳሎኑ የሚያጉረመርመው ለምንድን ነው?

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? የምኖረው ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው። ሳሎኑ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ70 ገደማ። በቅርቡ ሁለት ስፒከርና አንድ ሳብውፈር (ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ ስሰማው ልቤ ጠፍቶ ነበር። ቤት ሲገባ ግን ቤዙ ያጉረመርማል፣ የዘፋኙ ቃል አይለይም፣ ከፍ ሳደርገው ደግሞ ጆሮ ይወጋል። አንዱ ጓደኛዬ ግድግዳውን የእንቁላል ትሪ ለጥፍበት ይለኛል። ሌላው ስፖንጅ ይላል። ሦስተኛው ሽጠውና ሌላ ግዛ አለኝ። ብዙ ብር የለኝም። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ስፒከሩን አትሽጥ። ሱቅ ውስጥ ጥሩ የነበረ ዕቃ በታክሲ ስለተጫነ አይበላሽም። የተቀየረው ክፍሉ ነው። ሱቁ እስከ ጣሪያው ካርቶን የታጨቀበት፣ በሩም ወደ መንገድ የተከፈተ ነበር። ያንተ ሳሎን በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት ነው። ከላይ ኮንክሪት፣ ከታች ሴራሚክ። ድምፅ እዚያ ውስጥ ሲገባ መውጫ የለውም።

አሁኑኑ ተነስና መሃል ሳሎን ቆመህ አንዴ በኃይል አጨብጭብ። ከጭብጨባው በኋላ «ትርርር» የሚል ጭራ ከሰማህ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መሃል የሚመላለስ ድምፅ ነው። የዘፋኙን ቃል የሚያደፈርሰውና ጆሮ የሚወጋው እሱ ነው። የቤዙ ጣጣ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ጓደኞችህ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የእንቁላል ትሪም ቀጭን ስፖንጅም የመጀመሪያውን በሽታ ጫፍ ብቻ ይነካሉ፤ ሁለተኛውን አይደርሱበትም።

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያዋን ትንሽ ስቱዲዮዬን ስከፍት ከየኬክ ቤቱ የእንቁላል ትሪ ለምኜ ሰብስቤ ግድግዳና ጣሪያውን ለበጥኩት። ጓደኞቼ መጥተው «አሁን ስቱዲዮ መሰለ» አሉኝ። ቀረጻ ስንጀምር ድምፃዊቷ ጋቢ ተከናንባ የምትዘፍን ይመስል ነበር። ከበሮው ደግሞ እንደ ድሮው «ጉም ጉም» ይላል። እንዲያውም ባሰበት፣ ምክንያቱም ቀጭኑ ድምፅ ሲጠፋ ወፍራሙ ብቻውን ሜዳው ላይ ቀረ። ሦስት ወር ሳይሞላ በረሮ ገባበት። ነቅዬ ስጥለው የመጣው ሽታ ዛሬም አይረሳኝም።

ለምን አልሠራም? ድምፅ የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ቃጫና ጥጥ ድምፅን የሚበሉት አየሩ በክሮቹ መሃል ሲሹለከለክ በፍትጊያ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ስለሚቀየር ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አየር የሚያሳልፍ ዕቃና ውፍረት። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 1,000 ኸርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 34 ሳንቲሜትር ነው። 100 ኸርዝ ግን 3 ሜትር ከ43 ይደርሳል። 2 ሳንቲሜትር ስፖንጅ ለዚያ ግዙፍ ሞገድ የለም ማለት ነው። የዝሆን መንገድ ላይ ክር እንደመዘርጋት ቁጠረው።

ቤዝህ ምን እየሆነ እንዳለ ደግሞ በራስህ ሳሎን ልኬት ላሳይህ። 49 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ሞገዱ 7 ሜትር ነው። ግማሹ 3 ሜትር ተኩል፤ ልክ ያንተ ሳሎን ስፋት። እናም ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ ልክክ ብሎ ይገጥማል። ሄዶ ሲመለስ አዲሱ ግፊት በሰዓቱ ይደርስለታል። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በየዙሩ ጀርባውን ሲገፋ እየጨመረ እንደሚሄደው ማለት ነው። ዘፈኑ ካለፈም በኋላ ክፍሉ ብቻውን ያጉረመርማል። በርዝመቱ በኩል 4 ሜትሩ 43 ኸርዝ ላይ ይይዝሃል። ቁመቱም ወደ 64 ላይ። የእነዚህ እጥፎችም አሉ።

ቤዝ ጊታር የሚጫወት ጓደኛ ካለህ ጠይቀው። 49 ኸርዝ የታችኛው ሶል ነው። 43 ከታችኛው ፋ ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። ቤዚስቱ እነዚህን ሁለት ኖታዎች ሲነካ ቤትህ ይፈነዳል፤ ጎረቤታቸው የሆነውን ኖታ ሲነካ ደግሞ ድምፁ የት እንደገባ አይታወቅም። ሰው ይህን ሲሰማ «ሳብውፈሩ ርካሽ ነው» ይላል። ውድም ብትገዛ ያው ሶል ይፈነዳል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ዕቃ ማንቀሳቀስ እንጀምር። ነፃ ነው፤ ለውጡም ሰው ከሚገምተው በላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ቡፌውን እይልኝ። ስልክህ ላይ የድምፅ ማመንጫ አፕ ጫንና በስፒከሩ ከ30 ኸርዝ ጀምረህ እስከ 150 ቀስ እያልክ ውጣ። የሆነ ቦታ ላይ ሲኒዎቹ መንጫጫት ይጀምራሉ። የቡፌው መስታወት፣ የተሰቀለው ፎቶ፣ የበሩ መቀርቀሪያ፣ የጣሪያው መብራት ክዳን፣ እያንዳንዱ የየራሱ ኖታ አለው። በእጅህ እየነካህ ፈልጋቸው። ከመስታወቱ ጠርዝ ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ ሸጉጥ፤ ከሲኒዎቹ ሥር ጨርቅ አንጥፍ። «ቤዙ ተበላሸ» ብለው ከሚጠሩኝ ሰዎች ቤት የማገኘው ችግር ብዙ ጊዜ ከፊሉ የሲኒ ጫጫታ ነው።

ቀጥሎ ሶፋው። እኛ አገር ሶፋ ግድግዳ ይዞ ካልተቀመጠ ቤት ቤት አይመስለንም። ነገር ግን ቤዝ የሚከማቸው ግድግዳ ሥር ነው፤ ጥግ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጀርባህን ለግድግዳ ሰጥተህ ስትሰማ ክፍሉ ውስጥ ካለው ጉርምርምታ ሁሉ የከፋውን መርጠህ ተቀምጠሃል። ስፒከሮቹን በ3 ሜትር ተኩሉ ግድግዳ በኩል አድርጋቸውና በርዝመቱ እንዲጮሁ አዙራቸው። አንተ ከፊት ግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቀህ ተቀመጥ፤ ከኋላህ ሜትር ተኩል ይቀራል። ልክ መሃል ላይ፣ ማለትም 2 ሜትር ላይ አትቀመጥ። እዚያ ያ 43 ኸርዝ ጭራሽ ይጠፋል። ሶፋውን ከግድግዳ ማራቅ ቤት ውስጥ ክርክር እንደሚያስነሳ አውቃለሁ፤ እሱ የኢንጂነር ሳይሆን የሽማግሌ ጉዳይ ነው። ሜትር ተኩል ካልተፈቀደልህ 60 ሳንቲሜትርም ትልቅ ነገር ነው። ሙዚቃ ስትሰማ ብቻ በርጩማ ስበህ መቀመጥም ይቻላል፤ እኔ ለዓመታት ያደረግኩት እሱን ነው።

ሁለቱ ስፒከሮች ከአንተ እኩል ይራቁ፣ በመካከላቸውም ያንኑ ያህል ርቀት ይኑር። ሦስት ማዕዘን ሠራህ ማለት ነው። ትንሿ የቀጭን ድምፅ ስፒከር ከጆሮህ እኩል ከፍታ ላይ ትሁን። አንዱ መስኮት ጋ፣ ሌላው ቡፌ ሥር ከተሸጎጠ መሃል ላይ መቆም ያለበት ዘፋኝ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ከኋላቸው ካለው ግድግዳም 1 ሜትር ገደማ ላይ አታቁማቸው። ከግድግዳው የሚመለሰው ሞገድ 86 ኸርዝ አካባቢ ራሱን ከወጣው ጋር ያጠፋፋል፤ ቤዙ ላይ ጉድጓድ ይወጣል። ላንተ ትንሽ ሳሎን ወደ ግድግዳው ጠጋ ማድረጉ ይሻላል። የስፒከሩ ቀዳዳ በጀርባው ከሆነ ግን ቢያንስ አንድ ስንዝር ቦታ ተውለት።

ሳብውፈሩን የት ላስቀምጥ ካልክ አንድ አስቂኝ ዘዴ አለ። ሳብውፈሩን አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አውጣው። ቤዝ የሚመላለስበት ዘፈን ክፈት። ከዚያ በአራት እግርህ እየዳህክ የግድግዳውን ሥር ዙር። ኖታዎቹ ሁሉ እኩል የሚሰሙበትን ቦታ ስታገኝ ምልክት አድርግና ሳብውፈሩን እዚያ አስቀምጠው። መጋረጃውን ዝጋ ብቻ፤ ጎረቤት ሊደነግጥ ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገህ ሁለት ቀን ስማው። ከዚያ ነው ወደ ሥራው የምንገባው።

የክፍል ድምፅ በለስላሳ ነገር እንደሚገራ በቁጥር ያሳየው ዋላስ ሳቢን የሚባል የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነው። በ1895 በአውሮፓ አቆጣጠር አዲስ የተሠራ የፎግ ሙዚየም ንግግር አዳራሽ ነበራቸው። ተናጋሪው አንድ ቃል ሲል ድምፁ ከ5 ሰከንድ በላይ ይቆይ ስለነበር የሚሰማው አልነበረም። ሳቢን ሌሊት ሌሊት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ በአቅራቢያው ካለው ሳንደርስ ቴአትር የወንበር ትራሶች እያስመጣ አዳራሹ ውስጥ ይደረድር ነበር። የኦርጋን ቧንቧ ይነፋል፣ ድምፁ እስኪጠፋ በሰዓት ይለካል፣ ትራስ ይጨምራል። ሲነጋ ትራሶቹ ይመለሳሉ። ከዚያ የወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራል። ክፍሉን በኪዩቢክ ሜትር በ0.161 ታባዛለህ፤ ድምፅ በሚበላው ስፋት ታካፍላለህ። መልሱ ድምፁ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይነግርሃል። አንድ ካሬ ሜትር የተከፈተ መስኮት አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ የገባበት ድምፅ ሁሉ አይመለስምና።

ያንተ ሳሎን 38 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። ሶፋው፣ መጋረጃውና ምንጣፉ ተደምረው የ7 ካሬ ሜትር መስኮት ያህል ይበላሉ ብንል ድምፁ ወደ 0.9 ሰከንድ ይቆያል። ለሙዚቃ መስሚያ ሳሎን ግማሽ ሰከንድ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ጥሩ ነው። ስለዚህ ሌላ 5 ካሬ ሜትር ገደማ ያስፈልግሃል። ይህ ማለት 120 በ60 ሳንቲሜትር የሆኑ፣ ድምፅ የሚበሉ ስድስት ወይም ሰባት ፓነሎች ናቸው። አየህ፣ ግድግዳውን በሙሉ መልበስ አያስፈልግም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አናጺ ዘንድ ሄደህ 10 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው፣ ጀርባው ክፍት የሆነ የጣውላ ፍሬም አሠራ። በኮምፔንሳቶ አትድፈነው፤ አየሩ በኋላም በኩል ይግባ። ውስጡን ሮክዉል፣ ማለትም ከቀለጠ ድንጋይ የተፈተለ ጥጥ መሰል ዕቃ ሙላው። በአብዛኛው በ120 በ60 ተቆርጦ ስለሚመጣ ሁለት ባለ 5 ሳንቲሜትር ደርበህ ትከተዋለህ። ክብደቱ በኪዩቢክ ሜትር ከ40 እስከ 60 ኪሎ ያለው ይበቃል። ስትቆርጠው ጓንትና ማስክ አድርግ፤ ያሳክካል። የዳቦ ቢላዋ ጥሩ አድርጎ ይቆርጠዋል።

ሮክዉል ካጣህ ወይም ዋጋው የማይቀመስ ከሆነ ጥጥ አለልህ። የማያረጅ የአገር ዘዴ ነው። በመንደርህ የሚያልፈውን ፍራሽ አዳሽ ጥራው። አሮጌውን የጥጥ ፍራሽ ፈትቶ፣ ነድፎ፣ አናፍቶ በፍሬምህ ልክ ቀጭን ፍራሽ አድርጎ ይሠራልሃል። ዋናው ጥቅሙ ያ ከላይ እስከ ታች የሚወጋው ስፌት ነው። ጥጥ ዝም ብለህ ፍሬም ውስጥ ብትጎስረው በጥቂት ወር ውስጥ ወደ ታች ወርዶ ይቆለላል፣ ላዩ ባዶ ይቀራል። የእሱ ስፌት ግን በየቦታው ይይዘዋል። እኔ ያሠራሁላቸው አዛውንት መጀመሪያ «ሰው ግድግዳ ላይ ይተኛል እንዴ?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። ጥጡን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀው ከዚያ ሙላው፤ እርጥበትና አይጥ ይወደዋል።

ማልበሻው አቡጀዲ ይሁን። ጨርቁን አፍህ ላይ ለጥፈህ ንፋበት። ትንፋሽህ ያለ ችግር ካለፈ ድምፅም ያልፋል። ጆንያም ያሳልፋል። የማዳበሪያ ከረጢትና ሌዘር አያሳልፍም፤ የሶፋ ሌዘር ያለበስከው ፓነል ቀጭኑን ድምፅ መልሶ ይተፋዋል። ጨርቁን ወጥረህ ሶፋ የሚያለብሱ ሰዎች በሚጠቀሙበት ትልቅ ስቴፕለር ምታው።

ስትሰቅለው ግድግዳው ላይ አታጣብቀው። 10 ሳንቲሜትር ክፍተት ተውለት። ግድግዳው ሥር አየር መንቀሳቀስ አይችልም፤ ከግድግዳው እየራቅህ ስትመጣ ነው የሚንቀሳቀሰው። ፓነሉ ደግሞ የሚበላው የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ያ ባዶ ክፍተት ምንም ሳትከፍል ፓነሉን ወፍራም ያደርግልሃል። ተከራይ ስለሆንክ ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደልህ እግር አውጣለትና በራሱ ይቁም። ቤት ስትቀይር ይዘኸው ትሄዳለህ።

ሁለቱን ፓነሎች በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ አድርግ። የት? አንተ ቦታህ ላይ ተቀመጥ። አንድ ሰው መስታወት ይዞ ግድግዳውን ተከትሎ ይሂድ። መስታወቱ ውስጥ ስፒከሩ የታየህ ቦታ ላይ ድምፅም ነጥሮ ወደ ጆሮህ ይመጣል። ፓነሉ እዚያ ይሁን። የዘፋኙ ቃል የሚለየው በዚህች ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ልዩነቱን ሲሰማ ስፒከር የቀየርኩለት ይመስለዋል። ሁለት ደግሞ ከጀርባህ ባለው ግድግዳ ላይ ይሁኑ። የቀሩት ጥጎቹን በሰያፍ ይዝጉ።

ለጥግ ግን ከፓነል የተሻለ ነገር አለ፤ ውበቱን ለመታገስ ከተስማማችሁ። ጆንያ ውስጥ ጥጥ ወይም ያለቀ ልብስ ሳትጠቀጥቅ ትሞላለህ። ጥጉ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ እንደ ጤፍ ትከምራለህ። ከፊቱ አቡጀዲ የተወጠረበት ፍሬም ታቆማለህ። 40 ሳንቲሜትር ውፍረት አገኘህ ማለት ነው፤ ቤዝ ጋ መድረስ የሚጀምረው ይህን ያህል ስትሄድ ነው። ለልብሱ ምናለሽ ተራ ጎራ በል። አጥብቀህ አትጎስር፣ አየሩ መግባት አለበት። ሁለት ጥግ እንዲህ ብታደርግ ያ ሶል ሲነካ ክፍሉ ቶሎ ዝም ይላል።

ስለ ስፖንጅ ልመለስ። የፍራሽ ስፖንጅ 10 ሳንቲሜትር ከሆነ ይሠራል፤ አልዋሽህም። የሚያስፈራኝ እሳቱ ነው። በ2003 በአውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ዘ ስቴሽን በሚባል ክለብ መድረክ ላይ የተተኮሰ ርችት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰው ሞተ። በዚያው አቆጣጠር በ2013 በብራዚል ሳንታ ማሪያ ኪስ በሚባል ክለብ ተመሳሳይ ነገር ሆኖ 242 ሰው አለቀ። ስፖንጁ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ መርዝ ነው፤ ሰውን ከነበልባሉ ቀድሞ ይጥላል። አንተ ርችት አትተኩስም። ግን ሳሎንህ ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና ይፈላል፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበራል። ሮክዉል ድንጋይ ቀልጦ የተፈተለ ስለሆነ አይነድም። ጥጥ ግን ይነድዳል፤ ስለዚህ የጥጡን ፓነል ከቡናው ቦታና ከሶኬት አርቀው።

ምንጣፍ ብቻ ልጨምር ብለህ እንዳትታለል። ምንጣፍ የሚበላው ቀጭኑን ድምፅ ነው። እግርህ ሥር አንድ ካለ ይበቃል። መጋረጃ ከፈለግህ ወፍራም፣ እጥፋቱ የበዛና ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ያለ ይሁን። መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ ካለህ ከጀርባህ አቁመው፤ ድምፁን በየአቅጣጫው ይበትነዋል።

እዚህ ላይ ስለ ድሮ ቤቶች አንድ ነገር ላንሳ። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ቴፑ የተሻለ ይሰማ ነበር ቢል ናፍቆት ብቻ አይደለም። የጭቃና የጭድ ግድግዳው ሸካራ ነው። ከላይ የተወጠረው አቡጀዲ ወይም የቺፕውድ ኮርኒስ ከጀርባው ባዶ አየር አለው። ቺፕውዱ በቤዝ ይርገበገባል፣ ሲርገበገብም ጉልበቱን ይበላለታል። ኮንክሪት ይህን አያደርግም። ላንተም ቀላል መሞከሪያ አለህ። የሰገነቱን በር ከፍተህ ያንኑ ዘፈን ስማ። ቤዙ ወዲያው ጠራ ካለ ችግሩ የክፍሉ እንደሆነ በጆሮህ አረጋገጥክ።

ኢኮላይዘር፣ ማለትም የተመረጠ ድምፅ ለይቶ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ማስተካከያ፣ የመጨረሻው ይሁን። 43 እና 49 ኸርዝ ላይ የተረፈውን ጉብታ ቀንስበት፤ ይሠራል። ጉድጓዱን ለመሙላት ግን አትሞክር። 10 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) መጨመር ከአምፕሊፋየሩ አሥር እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉድጓዱ ደግሞ የጨመርከውንም ያጠፋዋል። ላፕቶፕ ካለህ የክፍሉን ድምፅ በማይክ የሚለካ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የስልክ ማይክ ቤዝ ላይ ደካማ ነው፤ በፊትና በኋላ የሆነውን ለማወዳደር ግን ያገለግላል፤ ማይኩን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አድርገው።

ጎረቤት ይሰማል ወይ ለሚለው፣ አዎ ይሰማል። ይህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ያለውን ድምፅ ያጠራል እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣውን አያግድም። ለዚያ ክብደትና ቀዳዳ መድፈን ነው የሚያስፈልገው፤ በተከራየህበት ቤት አትገባበትም። ሳብውፈሩን ወፍራም ስፖንጅ ላይ አስቀምጠው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ዝቅ አድርገው።

ሥራውን ከመጀመርህ በፊት ያቺን ጭብጨባ በስልክህ ቅረጻት። ሁለቱን የጎን ፓነሎች ስታቆም እንደገና አጨብጭብና ሁለቱን ላክልኝ። የጥጉን ጆንያ ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።